ማርክ ትዌይንን 82 ዓመት ያኖርኩት እኔ ነኝ፦ የቀልደኛ ደራሲ ታሪክ ውክፔዲያ ላይ ሲቃና

ሥራዬ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ የሚገባ መኪና በጣት ይቆጠራል። ያለኝ አንዲት የመስታወት ክፍል፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይና አንድ ስልክ ነው። ሀገር ቤት ሳለሁ ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር። ቀይ እስክሪብቶ የለመደ እጅ ሥራ ሲፈታ ያመዋል። ስለዚህ ውክፔዲያ ላይ የአማርኛ መጣጥፎችን አርማለሁ። ሦስት ዓመቴ ነው።

ከሁሉ ያለፋኝ ማርክ ትዌይን ነው። ልጄ ትምህርት ቤት መጽሐፉን አስነበቧትና «አባዬ፣ ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?» አለችኝ። አውቀዋለሁ አልኳት። ከዚያ ስለሱ በአማርኛ ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ ምን ያህል እንደማላውቀው ያኔ ገባኝ። ስለ ቀልደኛ ሰው መጻፍ ቀላል ይመስላል። ለእናንተ መንገዱ እንዲያጥርላችሁ እኔ የተደናቀፍኩበትን ሁሉ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ሌሊት ያደረግኩትን ስሙ። የልደቱን ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩና 1828 ብዬ ጻፍኩ። መኪና መጣ። ቲኬት ሰጥቼ ስመለስ የሞቱን ዓመት ከእንግሊዝኛው እንዳለ ገልብጬ 1910 አልኩ። ሰውዬው የሞተው በ74 ዓመቱ ነው። እኔ ስምንት ዓመት ጨመርኩለት። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ማንም ምንም አላለም። የባሰው ነገር ይሄ ነው።

እንግዲህ ከቀኑ ጀምሩ። በአማርኛ ለሚጻፍ የሕይወት ታሪክ ትልቁ ወጥመድ እዚህ አለ። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት እንደሚቀነስ ሁላችንም እናውቃለን። ያላወቅኩት ግን የቀኑን ነው። ትዌይን የተወለደው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1835 ነው። ዛሬ በምንቆጥርበት መንገድ ስቆጥር ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ስለሆነ ኅዳር 20 መጣልኝ። ስህተት ነው። ፈረንጆቹ በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ዘለሏት፤ እኛ ግን ጳጉሜን 6ን አልዘለልንም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀን ከዛሬው ስሌት በአንድ ይለያል። ትክክለኛው ኅዳር 21 ቀን 1828 ዓ.ም. ነው።

ኅዳር 21! ኅዳር ጽዮን! ሚዙሪ ውስጥ፣ ፍሎሪዳ በምትባል ትንሽ መንደር፣ በጽዮን ቀን ተወለደ። ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ደወልኩ። «በሌሊት ለዚህ ነው የቀሰቀስከኝ?» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ግኝት ለጓደኛ ንገሩ እንጂ መጣጥፉ ውስጥ አታስገቡ። ስለ ሰውዬው ሕይወት የሚናገረው ነገር የለም። ለእኛ ብቻ የሚጥም አጋጣሚ ነው።

የእኔ ደንብ ይህ ነው። ልደትና ሞት በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል። ለውጭ ሀገር ሰው የቀረው ሁሉ እ.ኤ.አ. ይሆናል፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ይነገራል፤ በቃ። መቀላቀል የለም። እዚህም ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን የገጹን ታሪክ ክፈቱ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጨመረና ምን እንደተሰረዘ ይታያል። የውይይት ገጹንም አንብቡ። አካውንት ክፈቱ፤ ነፃ ነው። ረጅም ነገር ስትጽፉ መጀመሪያ በራሳችሁ የመለማመጃ ገጽ ላይ ጻፉት። እኔ በቀጥታ ዋናው ገጽ ላይ ስጽፍ መኪና እየመጣ፣ ግማሽ አረፍተ ነገር ለሕዝብ አሳይቻለሁ።

ቀጥሎ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር። እዚህ ላይ ሁለት ሌሊት ፈጀሁ። የሰውዬውን ሙያ በአማርኛ ምን እንበለው? «ኮሜዲያን» መድረክ ላይ የሚቆም ሰው ነው። «ቀልደኛ» ሠፈር ውስጥ ያለ ልጅ ይመስላል። «ተረበኛ» ደግሞ ሰው የሚያስቀይም። «ፈገግታ ጫሪ» የሬዲዮ ፕሮግራም ስም ይመስለኛል። በመጨረሻ መጠሪያ መፈለግ ትቼ በሥራው ገለጽኩት፦ «አሜሪካዊ ደራሲና ጋዜጠኛ ነበር፤ በቀልድና በስላቅ ጽሑፎቹ ይታወቃል።» አማርኛ ስም እምቢ ሲላችሁ ግሡን ጥሩት።

የማሽን ትርጉም የምትጠቀሙ ከሆነ ቃል በቃል ፈትሹ። እኔ አንዱን መተርጎሚያ ሞክሬ ነበር። ትዌይን በወጣትነቱ «የወንዝ አብራሪ» ነበር አለኝ። አስቡት! ፈቃዱን ያገኘው በ1859 ነው፤ የራይት ወንድማማቾች የበረሩት በ1903። እንግሊዝኛው «ፓይለት» ለአውሮፕላንም ለመርከብም ይሆናል፤ ሰውዬው ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የእንፋሎት መርከብ መሪ ነበር። ይህችን አንዲት ቃል ያላረመ ሰው የብዕር ስሙንም ማስረዳት አይችልም፤ ስሙ የመጣው ከዚያው መርከብ ነውና። ጥልቀት ለካዩ ባለ ምልክት ገመድ ውሃው ውስጥ ይጥልና የደረሰበትን እየጮኸ ለመሪው ይናገራል። «ማርክ ትዌይን» ማለት ምልክት ሁለት፣ ማለትም ሁለት ፋተም፤ 12 ጫማ ወይም ወደ 3.7 ሜትር ነው። ለመርከቡ በቂ ውሃ አለ ማለት ነው። የትዌይን እውነተኛ ስም ሳሙኤል ላንግሆርን ክሌመንስ ነው፤ የብዕር ስሙን በ1863 ኔቫዳ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ሲሠራ መጠቀም ጀመረ።

ስሙን ከየት እንዳገኘው ራሱ የተናገረው ታሪክ አለ። አንድ አዛውንት የመርከብ አዛዥ ይጠቀሙበት ነበር፤ ከሳቸው ወረስኩት ይላል። አጥኚዎች ሰውዬው በዚያ ስም የጻፉትን ፈልገው አላገኙም። እንዲህ ሲሆን «ስሙን ከአዛዡ ወረሰ» አትበሉ። «ከአዛዡ እንደወረሰው ጽፏል፤ ይህን የሚደግፍ ማስረጃ ግን አልተገኘም» በሉ። ቀልደኛ ሰው ስለራሱ ሲናገር ምስክርም ተዋናይም ነው። «ብሏል»ና «ነበር» የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በየቦታቸው አስቀምጧቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ፤ ወደ አባባሎች።

የአጎቴ ልጅ ከሳን ፍራንሲስኮ የቡና ኩባያ አምጥቶልኛል። ኩባያው ላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ ያሳለፍኩት ከሁሉ የባሰ ቀዝቃዛ ክረምት በሳን ፍራንሲስኮ ያሳለፍኩት በጋ ነው። ከሥሩ «ማርክ ትዌይን» ይላል። በጣም ወደድኩት። ተርጉሜ ገጹ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተሰረዘ። የሰረዘው ሰው በማረሚያው ማብራሪያ ላይ አራት ቃል ጽፎልኛል፦ «ወንድሜ፣ ምንጩ የት አለ?»

ተናደድኩ። መለስኩት። ደግሞ ተሰረዘ። ሦስተኛ ልመልስ ስል ኩባያዋን አየኋት። ምንጬ እሷ ናት። «ምንጭ፦ የአጎቴ ልጅ ኩባያ» ተብሎ አይጻፍም መቼም። ፍለጋ ጀመርኩ። ከደብዳቤዎቹም፣ ከመጻሕፍቱም፣ ከንግግሮቹም ውስጥ ያን አባባል ያገኘ አጥኚ የለም። ለሰውዬው መልስ ጻፍኩላቸው፤ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ሁላችንንም ሸውዳናለች» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» እየተባባልን በሰላም እንሠራለን።

ይህን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ሀገር ቤት ባለቤት የጠፋ ቀልድ ሁሉ ለአለቃ ገብረ ሃና ይሰጣል። ገበያ ውስጥ የተባለውም፣ ትናንት የተፈጠረውም የሳቸው ነው። ታላቅ የአቋቋም ሊቅ መሆናቸው በቀልዱ ተሸፍኗል። ለአሜሪካኖች ትዌይን እንደዚያ ነው።

ስለዚህ አንድ አባባል ስታገኙ ሦስት ነገር ጠይቁ። መቼ ተባለ? የት ታተመ? የታተመው ሰውዬው በሕይወት ሳለ ነው? «እውነት ጫማዋን እስክታጠልቅ ውሸት ዓለምን ትዞራለች» የሚለውን ውሰዱ። በትዌይን ስም መነገር የጀመረው ከሞተ በኋላ ነው። ይውጣ። «ሦስት ዓይነት ውሸት አለ፦ ውሸት፣ የተረገመ ውሸትና ስታቲስቲክስ» የሚለውስ? ይህን በእርግጥ ጽፎታል፤ ግን እዚያው ላይ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዲዝሬሊ ነው ያለው ብሏል። የእኔ አይደለም እያለ ነው የሰጡት። በዲዝሬሊ ጽሑፎች ውስጥም አልተገኘም።

ከሁሉ የምወደው የሞቱ ወሬ ነው። ሰው የሚያውቀው «የሞቴ ወሬ እጅግ በጣም የተጋነነ ነው» የሚለውን ነው። እውነተኛው እንዲህ ነው። በ1897 ትዌይን ለንደን ነበር። ጄምስ ሮስ ክሌመንስ የሚባል ዘመዱ እዚያው ታሞ ተነሣ። የስም መመሳሰል ሆነና ትዌይን ታመመ፣ እንዲያውም ሞተ ተባለ። ጋዜጠኛ ሄዶ ጠየቀው። እሱም ዘመዴ ታሞ ነበር፣ አሁን ደህና ነው፤ የእኔ ሕመም ወሬ ከሱ ሕመም የመጣ ነው ብሎ ጻፈለትና «የሞቴ ወሬ ማጋነን ነበር» ሲል ጨመረ። ጁን 2 ቀን ኒው ዮርክ ጆርናል ላይ ወጣ። «እጅግ በጣም» የሚባል ነገር የለውም። ሁለቱን አስተያዩአቸው። ለእኔ እንደሚሰማኝ የሱ ይበልጣል፤ ሳቁ ያለው ዝቅ አድርጎ በመናገሩ ነው። ሰው «እጅግ» ሲጨምርበት ጨው የበዛበት ወጥ ሆነ።

አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። የውሸት አባባሉን ሰርዛችሁ ብቻ አትሂዱ፤ ሌላ ሰው ነገ ይመልሰዋል። በስሙ የሚነገሩ፣ የሱ ያልሆኑ አባባሎችን የሚያስረዳ አንድ አጭር አንቀጽ ከነምንጩ ጻፉ። ኩባያ የያዘ ሰው ሲመጣ እዚያ ያነባል።

ምንጩስ ከየት ይመጣል? ለትዌይን ሰነፍ የሚሆን ምክንያት የለውም። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ የሚገኘው የማርክ ትዌይን ፕሮጀክት ደብዳቤዎቹን ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል። የሕይወት ታሪኬ ብሎ የተናገረው ቃል ሙሉው መታተም የጀመረው ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ በ2010 ነው፤ ሦስት ቅጽ ሆኖ በ2015 አለቀ። የቆዩ ጋዜጦችን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ ያሳያል። እኔ ቅርብ ስለሆንኩ በእረፍት ቀኔ ሄጄ የአንባቢ ካርድ አውጥቻለሁ። በነፃ ነው። ፎቶ አንስተው ካርዱን ሲሰጡኝ ደሴ ያሉት ተማሪዎቼ ባዩኝ ብዬ ነበር።

ምንጩን ስትጠቅሱ ያያችሁትን ጥቀሱ። እንግሊዝኛው ገጽ ላይ የተጠቀሰ መጽሐፍ ስላለ ብቻ እኔም አንብቤዋለሁ አይባልም። ከእንግሊዝኛው መጣጥፍ ከተረጎማችሁም በማረሚያው ማብራሪያ ላይ ከዚያ እንደተረጎማችሁ ተናገሩ፤ የውክፔዲያ የቅጂ መብት ፈቃድ ያስገድዳል።

ከቀልዱ ቀጥሎ ሚዛኑን እዩ። የቀልደኛ ሰው ገጽ ብዙ ጊዜ መጻሕፍትን ዘርዝሮ፣ አምስት አባባል ለጥፎ ያበቃል። ሰውዬው የለበትም። የትዌይን ገንዘብ ታሪክ ብቻውን አንድ ንዑስ ርዕስ ይወጣዋል። በልጅነቱ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ካደገ በኋላ ፊደል በራሱ የሚለቅም ማሽን ሠራሁ የሚል ሰው መጣ፤ ፔጅ ይባላል። ትዌይን አመነው። ከ1880 እስከ 1894 ድረስ ወደ 300 ሺህ ዶላር እዚያ ማሽን ውስጥ ገባ። ማሽኑ እየተሰበረ፣ እየተጠገነ፣ ሌላ ማሽን ቀድሞት ገበያውን ወሰደ። የራሱ ማተሚያ ድርጅትም በ1894 ከሰረ። ያው ድርጅት በ1885 የፕሬዚዳንት ግራንትን ማስታወሻ አትሞ ለመበለታቸው 200 ሺህ ዶላር በአንድ ቼክ የከፈለ ነበር። ከዚያ ትዌይን በ60 ዓመቱ ገደማ ዓለምን እየዞረ ንግግር አደረገ። አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ፣ ሕንድ፣ ደቡብ አፍሪካ። በ1898 ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ ጨረሰ፤ ሕጉ ሙሉውን ባያስገድደውም።

እዚህ ላይ እጄ «ሳቅ እየሸጠ ዕዳውን ከፈለ» ብሎ ጽፎ ነበር። ለጋዜጣ ወግ ያምራል። ለመዝገበ ዕውቀት ግን አይሆንም። አጠፋሁት።

ሐዘኑንም እንዲሁ። ታናሽ ወንድሙ ሄንሪ በ1858 በመርከብ ፍንዳታ ሞተ፤ 19 ዓመቱ ነበር፤ ሥራውን ያስገኘለት ሳሙኤል ነው። ወንድ ልጁ ላንግደን በ1872 ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሴት ልጁ ሱዚ በ1896፣ በ24 ዓመቷ፣ እሱ እንግሊዝ ሳለ። ሚስቱ ኦሊቪያ በ1904 ፍሎረንስ። ሌላዋ ሴት ልጁ ጂን በ1909፣ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ። አራት ወር ሳይሞላ ራሱ። የመጀመሪያው ረቂቄ «ከሳቁ ጀርባ የእንባ ባሕር ነበር» ይላል። አፈርኩበት። አሁን የሚለው «ከአራት ልጆቹ ሦስቱ ከእሱ በፊት ሞቱ» ነው። ከዚያ ስምና ዓመት። ይሄኛው ነው ለልጄ ሳነብላት ዝም ያሰኛት።

የጅራታሙን ኮከብ ነገርም ሁሉም ሰው ይጽፈዋል። ሃሌይ በታየ ቀን ተወለደ፣ በታየ ቀን ሞተ ይላሉ። ኮከቡ ለፀሐይ የቀረበው ኖቬምበር 16 ቀን 1835 ነው፤ እሱ የተወለደው ከሁለት ሳምንት በኋላ። በ1910 ደግሞ ኤፕሪል 20፤ የሞተው በማግስቱ። አጋጣሚው እንዲሁም ያስደንቃል፤ ማዳበሪያ አያስፈልገውም። የሞተበት ቀን በእኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1902 ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትዘሉ። በ1905 ትዌይን የቤልጅጉን ንጉሥ ሊዮፖልድ በኮንጎ ስለሠራው ግፍ የሚሳለቅ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሟል። ከ1901 ጀምሮ እስኪሞት ድረስም የአሜሪካ ፀረ ኢምፔሪያሊስት ማኅበር ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። ለአፍሪካ አንባቢ ሲጻፍ ይህ በአንድ መስመር አይታለፍም። ሃክልቤሪ ፊን ስለተባለው ልብ ወለዱም ክርክሩን አስገቡ፦ በ1885 ኮንኮርድ፣ ማሳቹሴትስ ያለው ቤተ መጻሕፍት ከመደርደሪያው አውጥቶታል፤ ዛሬም በውስጡ ስላለው ዘረኛ ቃል ይከራከራሉ። የታተመበትን ዓመት አንዱ 1884፣ ሌላው 1885 ቢልባችሁ አትጣሉ። እንግሊዝና ካናዳ በዲሴምበር ወጣ፤ አሜሪካ በፌብሩዋሪ።

የቋንቋው ጉዳይ። «ታላቁ»፣ «ዝነኛው»፣ «ተወዳዳሪ የሌለው» የሚሉትን ንቀሏቸው። እኔ ሃያ ሦስት ነቅያለሁ፤ ሰባቱ የራሴ ነበሩ። «ተወለደ» ወይስ «ተወለዱ»? ለውጭ ደራሲ «ተወለደ» ማለት የተለመደ ነው፤ አለቃ ገብረ ሃናን ግን አንተ ብዬ ልጽፍ እጄ አይታዘዘኝም። የመረጣችሁትን እስከ መጨረሻ ያዙ። አንዱ አንቀጽ ላይ አንቱ፣ ሌላው ላይ አንተ የሚባል ሰው ሁለት ሰው ይመስላል።

ፎቶ ቀላል ነው። በ1910 የሞተ ሰው ስለሆነ ያረጁ ፎቶዎቹ ኮመንስ በሚባለው የውክፔዲያ እህት የፎቶ ማከማቻ ላይ በነፃ ሞልተዋል። ዓመቱ የተጻፈበትን ምረጡ። ስሙንም ሰው በሚጽፍበት መንገድ ሁሉ፣ ትዌይን፣ ትዌን፣ ትዋይን፣ ወደ አንዱ ገጽ እንዲመራ አድርጉ። አለዚያ ሌላ ሰው አጥቶት ከባዶ አዲስ ገጽ ይጀምራል።

ሲጨርሱ ገጹን መከታተያ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ነው። ለውጥ ሲኖር ታያላችሁ። የኔን ባለፈው ሳምንት አየሁት። አንድ ሰው «ኅዳር»ን «ህዳር» አድርጎታል። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላው «ሕዳር» አደረገው። ትናንት ሌሊት ሦስተኛ ሰው ወደ «ኅዳር» መለሰው። 21ዱን ማንም አልነካውም። ሻይዬን ቀዳሁ።